ስሕተትን መፋቅ ስሕተትን ማረም አይደለም

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን በመሥሪያ ቤታችን በምሳ ሰዓት የተነሣ አንድ ክርክር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን፥ በውጭ አገር የምትኖር እኅቱ የላከችለትን በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ይዞ መጣና «ፓክማን» በተባለው የቆየ ጨዋታ ሃያኛውን ዙር ማለፉን አበሠረን። እኛም ጨዋታውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው፥ ከአምስተኛው ዙር ማለፍ እንኳ ምን ያህል እንደሚያደክም ስለምንረዳ አደነቅነው። ይሁን እንጂ ቀረብ ብለን ሲጫወት በተመለከትነው ጊዜ የአድናቆታችን መሠረት ተናጋ። ቢጫው ፓክማን በአሳዳጆቹ በተያዘ ቁጥር ባልደረባችን አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ያለፈው ሁሉ እንደ ክር ተጠቅልሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሞተው ይነሣል፤ ጨዋታውም ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ይቀጥላል። «እስቲ ያንን ቁልፍ ሳትነካ ተጫወት» አልነው። በሁለተኛው ዙር የተሰጡት ሦስት ነፍሶች አለቁ።

ባልደረባችን በዚህ አላፈረም፤ እንዲያውም ተሟገተን። «ወንድሜ፥ እነዚህ ማሽኖች በጊዜያቸው የተሠሩት ሳንቲም ለመብላት ነው፤ ስለዚህ ያለ ልክ ከባድ ተደርገዋል። ሁለተኛም እኔ ሥራና ቤተ ሰብ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ከመጀመሪያው እየጀመርሁ የምደክምበት ጊዜ የለኝም። ሦስተኛም ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ማን ተጎዳ?» አለን። ክርክሩ ስለ አንድ መጫወቻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥቀን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ሦስት ምክንያቶች ውስጥ ከመጫወቻው የሚሰፋ አንድ አሳብ ተሸሽጎ አገኘን፤ ይኸውም ስሕተትን ከዐይን ማራቅ ስሕተትን እንደ ማረም ይቈጠራል የሚለው አሳብ ነው። ይህ አሳብ በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑት አንባብያን ያውቁታል። ስለዚህ ለሦስቱም መልስ መስጠት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድመን ግን ጨዋታውን ለማያውቁት አንባብያን ጥቂት እንግለጽ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ የማሳደድ ጨዋታ በሳንቲም ማሽን ላይ የታየው አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1973 «ጎቻ» የተባለውን ባወጣ ጊዜ ነው። በ1979 ደግሞ የጃፓኑ ሴጋ «ሄድ ኦን» በተባለው ጨዋታው፥ መኪና እየነዱ በመንገዱ ላይ የተደረደሩትን ነቁጦች መልቀምን አመጣ። ፓክማን የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 በግንቦት ወር በቶኪዮ ከተማ በሺቡያ ሰፈር ለሙከራ አቀረበው። የነደፈው ቶሩ ኢዋታኒ የኩባንያው ሠራተኛ ሲሆን ያን ጊዜ ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። የዚያ ዘመን የጨዋታ አዳራሾች በተኩስ ጨዋታዎች የተሞሉና በአብዛኛው ወንዶች የሚያዘወትሯቸው ስለ ነበሩ፥ ኢዋታኒ ሴቶችና ጥንዶችም የሚወዱትን ጨዋታ ለመሥራት ዐሰበ፤ መተኰስን ትቶ መብላትን መሠረት አደረገ። ስሙም ጃፓኖች አፍ ሲበላ የሚያሰማውን ድምፅ «ፓኩ ፓኩ» ከሚሉት የመጣ ነው። በ2012 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መጀመሪያ ከሰበሰባቸው 14 የቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል ፓክማን አንዱ ሆኗል።

ሕጉ ቀላል ነው። በአንድ ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ 240 ትንንሽና 4 ትልልቅ ነቁጦች ተደርድረዋል። ፓክማን ሁሉንም በልቶ ሲጨርስ ዙሩ ያልቃል። አራት መናፍስት ያሳድዱታል፤ ትልቁን ነቁጥ በበላ ጊዜ ግን ለጥቂት ሰከንድ መልካቸው ተለውጦ ይሸሹታል፤ ያን ጊዜ እሱ በተራው ይበላቸዋል። የጨዋታው ብልሃት የሚገኘው በአራቱ አሳዳጆች ጠባይ ነው። ቀዩ ፓክማን ወዳለበት ስፍራ ያመራል። ሮዙ ከፓክማን ፊት አራት ርምጃ ያህል ቀድሞ ያለውን ስፍራ ያነጣጥራል፤ ስለዚህ መንገድ ይዘጋል። ውሃ ሰማያዊው የሚሄድበትን የሚወስነው የቀዩንና የፓክማንን ስፍራ አዛምዶ ነው። ብርቱካናማው ሩቅ ሳለ ያሳድዳል፤ ስምንት ርምጃ ያህል ሲቀርብ ግን ወደ ማእዘኑ ይመለሳል። ደግሞም ሁልጊዜ አያሳድዱም። በመጀመሪያው ዙር ለ7 ሰከንድ ወደየማእዘናቸው ይበተናሉ፤ ለ20 ሰከንድ ያሳድዳሉ፤ እንደገናም ለ7 ሰከንድ ይበተናሉ። እንግዲህ ተጫዋቹን የሚያሳድደው ዕድል አይደለም፤ ሊጠና የሚችል ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ ፊተኛው ምክንያት እንመለስ። ማሽኑ ሳንቲም እንዲያስገባ መሠራቱን አንክድም፤ ነጋዴ ለጽድቅ ብሎ አይሠራም። ዙሩ በጨመረ ቁጥር መናፍስቱ የሚሸሹበት ጊዜ እያጠረ ሄዶ፥ ከ19ኛው ዙር ጀምሮ ፈጽሞ መቅረቱም እውነት ነው። ነገር ግን ዘራፊ ለሚዘርፈው ሰው የዕረፍት ጊዜ አይሰጥም። ኢዋታኒ አሳዳጆቹ በየጊዜው እንዲበተኑ ያደረገው ተጫዋቹ ትንፋሽ እንዲያገኝ ነው፤ ጠባያቸውን የለያየውም ሁሉም በአንድ ሰልፍ ከኋላው እየተከተሉ እንዳያሰለቹት ነው። ይህ የአሳቢ ሰው ሥራ እንጂ የቀማኛ ሥራ አይደለም። ከሁሉም በላይ ባልደረባችን የረሳው አንድ ነገር አለ፤ በእጁ የያዘው መሣሪያ ሳንቲም አይጠይቅም። በ1980 ለሽንፈት የሚከፈለው ዋጋ ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ የሚከፈለው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ በሳንቲም ማመካኘት የሚገባው ሰው ካለ የ1980ው ተጫዋች ነበር። እሱ ግን ከኪሱ እየከፈለ ተማረ፤ የዛሬው በነጻ ለመማር እንኳ ሰነፈ።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ የለኝም የሚለው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ ጊዜ የሚያስጨርሰው ይኸው ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ ራሱ መሆኑን በምሳሌ እናሳያለን። በመጀመሪያው ዙር ፓክማን በባዶ መንገድ ሲሮጥ ከመናፍስቱ ጥቂት ይፈጥናል፤ ነቁጥ እየበላ ሲሄድ ግን ከእነርሱ ጥቂት ይዘገያል። ተጫዋቹ ቀዩ ከኋላው እየተከተለው፥ በነቁጥ ወደ ተሞላ ረጅም መንገድ ገባ እንበል። በበላ ቁጥር ቀዩ ይቀርበዋል፤ ሮዙም ከፊት ይመጣበታል፤ በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ይያዛል። ባልደረባችን ይህን ጊዜ ቁልፉን ተጭኖ ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ ይመለስና በቀኝ ፈንታ በግራ ይታጠፋል፤ ያመልጣልም። ከዚህ ምን ተማረ? በዚያ መታጠፊያ በግራ መሄድ እንደሚሻል ብቻ ተማረ። የሞተው በመታጠፊያው ላይ ቢሆንም የተሳሳተው ግን በመታጠፊያው ላይ አልነበረም። የተሳሳተው ከዚያ አስቀድሞ፥ አሳዳጅ በቅርብ ሳለ በሆዱ ተስቦ ወደ ነቁጡ መንገድ በገባ ጊዜ ነው። ቁልፉ የመለሰው ወደ ሞቱ ስፍራ እንጂ ወደ ስሕተቱ ስፍራ አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር ያንኑ መንገድ በዚያው አኳኋን ይገባበታል፤ ቁልፉንም ደግሞ ይጫናል። በሃያ ዙር ውስጥ ስንት ጊዜ ይህን እንዳደረገ እሱ ራሱ አልቈጠረውም።

ይህ ከመላ ምት የተነሣ ግምት እንዳይመስል አንድ ጥያቄ ጠየቅነው። «ሃያኛውን ዙር ካለፍህ፥ ትልልቆቹ ነቁጦች እዚያ ምን ይሠራሉ?» አልነው። «አንዳንድ ጊዜ መሣሪያው ይበላሻል መሰለኝ፤ ስበላቸው መናፍስቱ አይሸሹም» ሲል መለሰ። ከላይ እንደ ገለጽነው ከ19ኛው ዙር ጀምሮ መናፍስቱ አለመሸሻቸው የጨዋታው ሕግ ነው። ባልደረባችን ሕጉን እንደ ብልሽት ቈጠረው። በራሱ ድካም እዚያ የደረሰ ተጫዋች፥ የሚሸሹበት ጊዜ ከዙር ወደ ዙር ሲያጥር እያየና እየተጎዳ ስለሚያልፍ ይህን ሳያውቅ ሊደርስ አይችልም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ስፍራ የመሥሪያ ቤት ሰዎችን አንድ ነገር እናስታውሳቸው። በሒሳብ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ቍጥር ቢጻፍ አይፋቅም፤ በላዩ መሥመር ይሰመርበትና ትክክለኛው ቍጥር አጠገቡ ተጽፎ ያረመው ሰው ይፈርምበታል። ይህ ደንብ የወጣው ወረቀቱን ለማቈሸሽ አይደለም። የተሳሳተው ቍጥር ከነመሥመሩ ሲታይ፥ ስሕተቱ ከመደመር ይሁን ከመገልበጥ ወይም ከደረሰኙ የመጣ እንደ ሆነ በኋላ የሚመጣው መርማሪ ሊደርስበት ይችላል። ቍጥሩ የተፋቀ እንደ ሆነ ግን ድምሩ ቢስተካከልም እንኳ የስሕተቱ ምንጭ ከነሕይወቱ ይቀራል፤ በሚመጣው ወርም ያንኑ ስሕተት ይወልዳል። መምህራንም ይህን ያውቃሉ። ተማሪው የሒሳቡን መልስ ከጓደኛው ደብተር አይቶ የራሱን በላጲስ ቢያጠፋ መልሱ ይስተካከላል፤ አሠራሩ ግን እንደ ተጣመመ ይኖራል። በፈተና ቀን ጓደኛው አጠገቡ በሌለ ጊዜ የሚሆነው፥ ባልደረባችን ቁልፉን ባልነካ ጊዜ የሆነው ነው።

አንዳንድ ሰው «እንግዲያው መንገዱን መሸምደድ ይሻላል ማለታችሁ ነው?» ይለን ይሆናል። ይህም አይደለም። የመጀመሪያው ፓክማን፥ ተጫዋቹ በትክክል አንድ ዐይነት ርምጃ ከሄደ መናፍስቱም አንድ ዐይነት ርምጃ እንዲሄዱ ሆኖ የተሠራ ነው። ይህን የደረሱበት የአሜሪካ ተጫዋቾች ዙሩን ሳይያዙ የሚያስጨርሱትን መንገዶች በወረቀት እየነደፉ ያዙ፤ እነዚህን መንገዶች የሚያስተምሩ መጻሕፍትም በ1982 ታትመው ተሸጡ። መንገዱን ፈልገው ያገኙት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ያገኙትም ደጋግመው በመሸነፍና ሽንፈታቸውን በመመዝገብ ነው። ነገር ግን በዚያው በ1982 «ሚስ ፓክማን» የተባለችው ጨዋታ አራት ልዩ ልዩ ጠመዝማዛ መንገዶች ይዛ ወጣች፤ በመናፍስቱም አካሄድ ላይ ጥቂት ዕድል ተጨመረበት። መጽሐፉን ሸምድዶ የነበረው ሰው የያዘው ሁሉ ከንቱ ሆነበት። የአሳዳጆቹን ጠባይ ያጠናው ግን በዐዲሱም መንገድ የሚሄድበት እውቀት ነበረው። ሽምደዳም ወደ ኋላ መመለሻውም አንድ ዐይነት ጕድለት አለባቸው፤ ሁለቱም ሰውን «ለምን?» ብሎ ከመጠየቅ ያሳርፉታል።

ሦስተኛው ምክንያት ነገሩ ጨዋታ ነው፥ ማን ተጎዳ የሚለው ነው። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ነገሩ ተራ ጨዋታ ከሆነ ሃያኛውን ዙር ማለፉን በምሳ ሰዓት ለምን አበሠረን? የምሥራች የሚባለው ድካም ላለበት ነገር ነው። አባቶቻችን በገበጣ ሲጫወቱ ጠጠሩን ከዘሩ በኋላ «ቈይ፥ መልሼ ልልቀመው» የሚል ተጫዋች ምን እንደሚባል አንባብያን አይስቱትም። የጨዋታ ክብሩ ሰው በፈቃዱ ለሕግ የሚገዛበት ስፍራ መሆኑ ነው። ማንም ሳያስገድደው፥ ደመወዝም ሳይቈረጥበት ሕግን ማክበር የለመደ ሰው፥ በሚያስገድደው ስፍራ አይከብደውም። በጨዋታ ላይ ያልተያዘ ልማድ በሥራ ላይ በድንገት አይገኝም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህን ስንል ግን በእጅ የሚያዘውን መሣሪያ መንቀፋችን እንዳልሆነ እንዲታወቅልን እንወዳለን። የድሮው ጨዋታ ከአዳራሹ ወጥቶ በኪስ መግባቱ መልካም ነገር ነው፤ እኛም በዚሁ መሣሪያ እንጫወታለን። ይልቁንም ሠሪዎቹ ጨዋታውን በትንሽ ሣጥን ውስጥ ለማስገባት ብዙ ደክመዋል። የመጀመሪያው ማሽን ስክሪን ቁመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ፥ 224 በ288 ነጥብ የሆነ ነበር። ኒንቴንዶ በ1989 ያወጣው ጌም ቦይ ግን 160 በ144 ብቻ ስለ ነበረው፥ ወይ ሥዕሉ ሁሉ ማነስ ነበረበት፥ ወይም ከመንገዱ ከፊሉ ብቻ መታየት ነበረበት። አራቱን አሳዳጆች በአንድ ጊዜ ማየት ለማይችል ተጫዋች ይህ ትልቅ ችግር ነው። ደግሞ የፓክማን መሪ ዘንግ በአራት አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ በመሆኑ፥ በ1999 ለኒዮ ጂኦ ፖኬት ከለር የወጣው ፓክማን ዘንጉን በአራት አቅጣጫ የሚወስን የፕላስቲክ ቀለበት ታክሎለት ተሸጠ። ጨዋታውን ያከበረ ሰው ሥራ ይህን ይመስላል። ያችን ትንሽ ቀለበት የጨመረው ሰው የተጫዋቹን እጅ አቀና እንጂ በተጫዋቹ ፈንታ አልተጫወተም።

ወደ ኋላ መመለሻው ግን ሌላ ነው። በ2019 ኒንቴንዶ በስዊች ላይ ለደንበኞቹ በሚያቀርባቸው የድሮ ጨዋታዎች ላይ ጨመረው፤ በ2020 የወጣውና ፓክማንን የያዘው የናምኮ ስብስብም ይህንኑ ይዞ ወጣ። ተጫዋቹን ለመርዳት የተደረገ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደ ተባለው፥ ጨዋታውን እናሻሽል ብለው የጻፈውን አጠቡት። ከአሳዳጅ ማምለጥን በሚያስተምር ጨዋታ ውስጥ መያዝ ከሌለ ማምለጥም የለም፤ የቀረው ነቁጥ መልቀም ብቻ ነው።

ፍርድ እንዳናጓድል ለቁልፉ የሚገባውን እንስጠው። እጁ ሕመም ወይም ጕዳት ስላለበት ዘንጉን እንደ ሌላው ሰው በፍጥነት ማንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ቁልፉ በር ይከፍትለታል፤ ለእርሱ ክርክራችን አይደርሰውም። እንዲሁም አንድ መምህር ተማሪዎቹን ሰብስቦ፥ ፓክማን ከተያዘበት ስፍራ ርምጃ በርምጃ ወደ ኋላ እየመለሰ፥ «እዚህ ነበርን የተሳሳትነው? ወይስ ከዚህ በፊት?» እያለ እስከ ስሕተቱ ምንጭ ቢወስዳቸው፥ ያንን ቁልፍ ከጠመኔ እኩል የትምህርት መሣሪያ አድርጎታል። ወደ ኋላ መመለስ ራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ እስከ ሞቱ ብቻ ተመልሶ፥ እስከ ምክንያቱ ሳይደርሱ መቅረት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። ጨዋታዎቹን ዳግመኛ የሚያወጡ ሰዎች፥ ጨዋታው መጀመሪያ እንደ ነበረ ሆኖ በፊተኛው በር እንዲገኝ ያድርጉ፤ በቁልፉ ርዳታ የተገኘ ነጥብም ያለ ርዳታ ከተገኘው ተለይቶ ይመዝገብ። ወላጆችና መምህራን፥ ልጁ ስንተኛው ዙር እንደ ደረሰ ከመጠየቅ ይልቅ እንዴት እንደ ተያዘ ይጠይቁት፤ መልሱን የሚያውቅ ልጅ ጊዜውን አላባከነም። ተጫዋቹም በተያዘ ጊዜ እንደገና ከመጀመሩ በፊት ለአንድ ትንፋሽ ያህል እጁን አንሥቶ፥ ስሕተቱ ከየት እንደ ጀመረ ራሱን ይመርምር። ይህ ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም፤ ሥራና ቤተ ሰብ ያለው ሰው እንኳ አያጣውም።

በመጨረሻ ስለ ጨዋታው መጨረሻ አንድ ነገር ተናግረን እናብቃ። ፓክማን እንዲያልቅ ታስቦ አልተሠራም፤ ነገር ግን የዙሩን ቍጥር የሚይዘው የማሽኑ ማስታወሻ ከ255 በላይ መያዝ ስለማይችል፥ በ256ኛው ዙር የስክሪኑ ቀኝ እኩሌታ በተዘበራረቁ ፊደሎችና ቍጥሮች ይሞላል። ዙሩን ለመጨረስ የሚበቃ ነቁጥ አይገኝም፤ መንገዱም አይታይም። እስከዚያ ድረስ አንዲት ነቁጥ ሳያስቀር፥ አንዲት ነፍስ ሳይጠፋበት የተጫወተ ሰው ሊያገኝ የሚችለው ነጥብ 3,333,360 ነው። በቁልፉ እየተመለሰ የመጣ ሰውም እዚያው ግንብ ፊት ይቆማል፤ ቁልፉን ቢጫን ራሱን የሚያገኘው በ255ኛው ዙር ላይ ነው። ልዩነቱ አንደኛው እስከዚያ የመጣበትን መንገድ ማወቁ፥ ሁለተኛው አለማወቁ ነው።

ባልደረባችን ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦታል። አሁንም ፈጽሞ አልተስማማንም፤ የሳንቲሙን ነገር አልለቀቀም። ነገር ግን ባለፈው ዓርብ በምሳ ሰዓት ቁልፉን ሳይነካ አራተኛው ዙር ደርሶ ሲያዝ፥ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጥቂት ዝም አለና «ከታች በኩል መግባት አልነበረብኝም» አለ። ከሃያኛው ዙር ብሥራት ይልቅ ይህን ቃል በደስታ ተቀብለነዋል።